የኩዌዛር ብላክ ሆል በማስመሪያ ሲለካ

ማስመሪያ፣ ካልኩሌተርና ወረቀት ላይ የታተመ አንድ ግራፍ ያዙ። ለመጀመሪያው ልኬት ሌላ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ሁለት ቢሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ የደረሰን ብርሃን አለ። ያ ብርሃን የወጣበት ቦታ መሃል ላይ ብላክ ሆል፣ ማለትም ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ አካል፣ ተቀምጧል። እሱ ስንት ፀሐይ እንደሚመዝን ዛሬ ማታ አብረን እናሰላለን።

እኔ ደብረ ብርሃን የፊዚክስ መምህር ነኝ። ማስተርሴን የሠራሁት በኩዌዛሮች ላይ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ አንድም ሌሊት ቴሌስኮፕ ሥር አላደርኩም። ዳታው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ተቀምጧል። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ላፕቶፕና ትዕግሥት ያለው ተማሪ ሁሉ ሊሠራው የሚችል ሥራ ነው፤ ግን በአማርኛ ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ነገር ላስቀድም። ክፍል ውስጥ “ክብደት” እና “መጠነ ቁስ” ሲምታቱ አርማለሁ። እዚህ ግን ሰዉ እንደሚያወራው ክብደት እላለሁ። መጠነ ቁስ ማለቴ እንደሆነ ያዙልኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከፀሐይ እንጀምር። ፀሐይን ሚዛን ላይ ያስቀመጣት የለም። ግን ክብደቷን እናውቃለን። መሬት በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄደች፣ ከፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቃ ትዞራለች። ፍጥነቷን በራሱ አባዙት። በርቀቱ አባዙት። ከዚያ በኒውተን የስበት ቁጥር (6.67 ሲባዛ በ10⁻¹¹) አካፍሉት። በሜትርና በሰከንድ ከሠራችሁት 2 ሲባዛ በ10³⁰ ኪሎ ግራም ይመጣል። ፀሐይ ማለት ይቺው ናት። መቀጠል ያለባችሁ ይህን በእጃችሁ ሠርታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው፤ የቀረው ሁሉ የዚሁ ስሌት ልጅ ነው።

ኩዌዛር በጋላክሲ መሃል ያለ ግዙፍ ብላክ ሆል ጋዝ ሲውጥ የሚፈጠር ብርሃን ነው። ጋዙ ከመግባቱ በፊት ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ያበራል። የጋላክሲውን ከዋክብት በሙሉ አንድ ላይ ቢደመሩ የሚያስንቅ ብርሃን ይወጣዋል። ከዚያ ወጣ ብሎ ሌሎች የጋዝ ደመናዎች ብላክ ሆሉን ይዞራሉ። እነሱ ለእኛ እንደ መሬት ናቸው። ፍጥነታቸውንና ርቀታቸውን ካገኘን ክብደቱ ተገኘ።

ለምሳሌ 3ሲ 273 የሚባለውን ኩዌዛር እንውሰድ። በ1963 ማርተን ሽሚት ካሊፎርኒያ ፓሎማር ተራራ ላይ ባለው ባለ 200 ኢንች ቴሌስኮፕ ያነሳው ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃኑን በሞገድ ርዝመቱ ዘርዝሮ የሚያሳይ ግራፍ፣ ነው ኩዌዛር ምን እንደሆነ የገለጠው። ነገሩ ሲታይ ኮከብ ይመስላል። መስመሮቹ (እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚያበራባቸው የሞገድ ቦታዎች) ግን ከማንም ጋር አልገጥም ብለው ነበር። ሽሚት ቁጭ ብሎ ሲያያቸው የምናውቃቸው የሃይድሮጂን መስመሮች ሆነው ተገኙ፤ 16 በመቶ ያህል ወደ ቀይ ተገፍተው ብቻ። አጽናፈ ዓለሙ ሲሰፋ ብርሃኑም አብሮ ተለጥጧል ማለት ነው። ይህን ልጠጣ ሬድሺፍት እንለዋለን። ለ3ሲ 273 ቁጥሩ 0.158 ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ኩዌዛር ለእኛ አገር የተመቸ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ሌሊቶች ከአናታችን ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ማግኒቲዩዱ (የድምቀት ደረጃው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ድምቀቱ ያንሳል) 13 አካባቢ ስለሆነ በዓይን አይታይም። 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስተዋት የያዘ ቴሌስኮፕና ጨለማ ሰማይ ያለው ሰው ግን እንደ ትንሽ ነጥብ ሊያየው ይችላል።

ወደ ሥራው እንግባ። መጀመሪያ ግራፉን ማግኘት ነው። የስሎን ዲጂታል ስካይ ሰርቬይ ድረ ገጽ ግቡ። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ አፓቼ ፖይንት ላይ ባለ 2.5 ሜትር ቴሌስኮፕ የተሰበሰበ ዳታ ነው። በ2020 የወጣው የኩዌዛር ዝርዝራቸው 750,414 ኩዌዛሮች አሉት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሬድሺፍታቸው ከ0.4 በታች የሆኑትን ብቻ ምረጡ። ምክንያቱን ትንሽ ቆይታችሁ ታዩታላችሁ። የአንዱ ስፔክትረም ፋይል ከአንድ የስልክ ፎቶ ያንሳል። ኔትወርክ ደህና ሲሆን ሃያ ሠላሳ አውርዳችሁ አስቀምጡ። መብራት ቢሄድም በታተመው ወረቀት መቀጠል ይቻላል። እኔ አብዛኛውን ሥራ የተማርኩት እንደዚያ ነው።

ግራፉ ላይ አግድሙ የሞገድ ርዝመት ነው፤ በአንግስትሮም (የሚሊ ሜትር አሥር ሚሊዮነኛ) ይለካል። ቁመቱ የብርሃኑ መጠን ነው። አሁን መስመሮቹን እንፈልግ። ቀላሉ ምልክት የኦክስጅን መንትያ መስመሮች ናቸው። ሁለት ቀጫጭን ሹሎች ጎን ለጎን ቆመው ታያላችሁ። የቀኙ የግራውን ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል። መነሻቸው 4959 እና 5007 አንግስትሮም ነው። የረጅሙን ቦታ አንብባችሁ ለ5007 አካፍሉ፤ ከውጤቱ 1 ቀንሱ። ያ ሬድሺፍቱ ነው። ከመንትዮቹ በስተግራ ያለው ሰፊ ጉብታ የምንፈልገው ነው። ኤች-ቤታ የሚባለው የሃይድሮጂን መስመር ነው፤ መነሻው 4861 ነው። በ3ሲ 273 ላይ መንትዮቹ ደከም ያሉ ናቸው፤ ኤች-ቤታ ግን 5629 አካባቢ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

መስመሩ ለምን ሰፋ? የአምቡላንስ ሳይረን ወደ እኛ ሲመጣ ይቀጥናል፣ ሲርቅ ይወፍራል። ብርሃንም እንዲሁ ነው። ከደመናዎቹ ገሚሶቹ ወደ እኛ እየመጡ ነው፤ የእነሱ ብርሃን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ገሚሶቹ እየራቁ ነው፤ የእነሱ ወደ ቀይ ይሄዳል። አንድ ቀጭን መስመር መሆን የነበረበት ግራና ቀኝ ተዘረጋ። የተዘረጋበት መጠን ፍጥነቱን ይነግረናል።

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ነው።

ኤች-ቤታን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት የሣር ጎጆ ይመስላል። ሰፊው ጣሪያ አለ፤ አናቱ ላይ ደግሞ ቀጭን ጉልላት ተተክሏል። ጣሪያው ከብላክ ሆሉ አጠገብ በፍጥነት ከሚዞረው ጋዝ የመጣ ነው። ጉልላቱ ግን በጣም ርቆ ካለ ዘገምተኛ ጋዝ ነው። የብላክ ሆሉ ስበት እምብዛም አያዘውም። ጉልላቱን ከጣሪያው ጋር አብራችሁ ከለካችሁ ከፍታው ያለ አግባብ ይጨምራል። ግማሽ ከፍታውም ወደ ላይ ይወጣል፤ እዚያ ጣሪያው ጠባብ ነው። ስፋቱን በግማሽ አሳንሳችሁ ብታነቡት ክብደቱ በአራት ይቀንሳል፤ ፍጥነቱ በራሱ ስለሚባዛ።

ስለዚህ በእርሳስ ሥሩ። ከጉብታው ግራና ቀኝ ያለውን የጀርባ ብርሃን በቀጥታ መስመር አገናኙ። ያ ወለላችሁ ነው። ጉልላቱን በእርሳስ ቆርጣችሁ ጣሪያውን ለስላሳ አድርጋችሁ ዝጉት። ከወለሉ እስከ ጣሪያው ጫፍ ለኩ። ግማሹ ላይ ምልክት አድርጉ። እዚያ ከፍታ ላይ ከግራ ግድግዳ እስከ ቀኝ ግድግዳ ያለውን ስፋት በማስመሪያ ለክታችሁ ወደ አንግስትሮም ቀይሩት።

የብረት ጉዳይም አለ። ከኤች-ቤታ ግራና ቀኝ የሚታየው ሻካራ እብጠት የብረት መስመሮች ክምችት ነው። ቶድ ቦሮሰንና ሪቻርድ ግሪን በ1992 አይ-ዝዊኪ-1 ከሚባል ጋላክሲ ስፔክትረም የብረቱን ቅርጽ ለይተው አውጥተዋል። እስከ ዛሬም ባለሙያው እሱን እየቀነሰ ነው የሚሠራው። በማስመሪያ ግን አይቻልም። እጃችሁ ከተፍታታ በኋላ ፓይኪውኤስኦፊት ወደሚባለው ነፃ የፓይተን ፕሮግራም እለፉ። ብረቱንም፣ ጉልላቱንም፣ የጀርባ ብርሃኑንም እየለየ ያወጣላችኋል። ከማስመሪያው በፊት ፕሮግራሙን አትንኩ። ያልለካ ሰው ፕሮግራሙ ሲሳሳት አያውቅበትም።

ለ3ሲ 273 ስፋቱ ወደ 62 አንግስትሮም ነው። 62ን ለ5629 አካፍሉ፤ በብርሃን ፍጥነት፣ በ300,000 ኪሎ ሜትር በሰከንድ አባዙ። 3300 ይመጣል። ጋዙ በሰከንድ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ይሮጣል ማለት ነው። ከመሬት ጉዞ መቶ እጥፍ ይበልጣል።

ያካፈልነው ለ5629 እንደሆነ ልብ በሉ፤ ለ4861 አይደለም። መመረቂያዬን ስሠራ ይህን ስቼ ነበር። የለካሁት ስፋት በሬድሺፍት የተለጠጠ ነው፤ የተካፈለው ግን ላልተለጠጠው ቁጥር ነበር። ሬድሺፍታቸው 2 አካባቢ የሆኑ ኩዌዛሮች ስለነበሩኝ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ፣ ክብደቱ ዘጠኝ እጥፍ ሆኖ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ትልልቅ ብላክ ሆል አገኘሁ ብዬ ተደስቼ ነበር። አማካሪዬ ሰንጠረዡን አየና “የተለጠጠውን ባልተለጠጠው ነው ያካፈልከው?” አለኝ። ሁሉንም ከዜሮ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ስፋት ጎን የተካፈለበትን ቁጥር እጽፋለሁ። እናንተም ጻፉ።

ፍጥነቱ ተገኘ። ርቀቱስ? ችግሩ እዚህ ነው።

ልጅ ሆነን ገደል አፋፍ ቆመን እንጮህ ነበር። የገደል ማሚቶው እስኪመልስ እንቆጥራለን። አራት ሰከንድ ከቆየ፣ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ስለሚሄድ፣ ማዶው 680 ሜትር ይርቃል። ከኩዌዛሮችም ጋር የሚደረገው ይኸው ነው። የመሃሉ ብርሃን አንዳንዴ ይደምቃል፣ አንዳንዴ ይደክማል። ድምቀቱ ደመናዎቹ ጋ ሲደርስ እነሱም ይደምቃሉ፤ ዘግይተው። የዘገዩበት ቀን ብዛት ብርሃን የተጓዘበት ርቀት ነው። ሮጀር ብላንድፎርድና ክሪስቶፈር ማኪ ሐሳቡን በ1982 አሰሉት። ከ1988 መጨረሻ ጀምሮ ኤንጂሲ 5548 የሚባል ጋላክሲ ለወራት ሲጠበቅ ኤች-ቤታው 20 ቀን ያህል ዘግይቶ ተገኘ። በ2000 ደግሞ ሻይ ካስፒና ባልደረቦቹ ሰባት ዓመት ተኩል የፈጀ ክትትል አሳተሙ። ኔጌቭ በረሃ ያለውን የዋይዝ ቴሌስኮፕና አሪዞና ያለውን የስቱዋርድ ቴሌስኮፕ ተጠቅመው የ17 ኩዌዛሮችን ማሚቶ ለኩ። 3ሲ 273ም አንዱ ነበር።

ሰባት ዓመት ተኩል! ለሩቆቹ ደግሞ ይብሳል። ሬድሺፍቱ ጊዜንም ይለጥጣል። 500 ቀን የሚዘገይ ማሚቶ ሬድሺፍት 2 ላይ ሲሆን እኛ ዘንድ 1500 ቀን ይሆናል፤ አራት ዓመት ማለት ነው። ለ750 ሺህ ኩዌዛር ይህን ማድረግ አይታሰብም።

ስለዚህ ርቀቱን እንበደራለን። የደመራ እሳት አስቡ። እሳቱ ሲንቦገቦግ ሰው ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። እሳቱ አራት እጥፍ ቢጠነክር፣ ሙቀቱ ያው እንዲሆንላችሁ ሁለት እጥፍ ትርቃላችሁ። የኤች-ቤታ ጋዝም የሚያበራው ብርሃኑ በሚስማማው ርቀት ላይ ነው። የማሚቶው ልኬቶችም ይህንኑ አሳዩ፤ ርቀቱ ከድምቀቱ ስኩዌር ሩት ጋር ይሄዳል። ማሚቶ ባይኖረንም ድምቀቱን ካወቅን ርቀቱን እንገምታለን።

ድምቀቱን ለማግኘት የጀርባ ብርሃኑን 5100 አንግስትሮም ላይ እናነባለን። በ3ሲ 273 ይህ ተለጥጦ 5906 ላይ ነው ያለው። እዚያ 2 ሲባዛ በ10⁻¹⁴ ያህል ታነባላችሁ፤ መለኪያው ኧርግ (ትንሽ የኢነርጂ መለኪያ) በሰከንድ በካሬ ሴንቲ ሜትር በአንግስትሮም ነው። የስሎን ግራፍ ቁመት በ10⁻¹⁷ የተቆጠረ መሆኑን አትርሱ፤ ስንቱን ተማሪ አሳስቷል። በ5906 ስታባዙት 1.2 ሲባዛ በ10⁻¹⁰ ይሆናል። ኩዌዛሩ ከእኛ የሚርቀውን ርቀት (የደመናዎቹን አይደለም) ኔድ ራይት ካዘጋጀው የኮስሞሎጂ ካልኩሌተር ውሰዱ። ሬድሺፍቱን አስገቡና “የድምቀት ርቀት” የሚለውን ብቻ አንብቡ። 2.3 ሲባዛ በ10²⁷ ሴንቲ ሜትር ነው። የርቀቱን ካሬ በ4 ፓይ አባዝታችሁ በብርሃኑ ስታባዙት 8 ሲባዛ በ10⁴⁵ ኧርግ በሰከንድ ይመጣል። ሁለት ትሪሊዮን ፀሐይ በአንድ ቦታ!

አሁን ሁሉንም እናገናኝ። ማሪያን ቬስተርጎርና ብራድሊ ፒተርሰን በ2006 ያወጡት ቀመር ይህ ነው። ፍጥነቱን ለ1000 አካፍሉና በራሱ አባዙ። ድምቀቱን ለ10⁴⁴ አካፍሉና ስኩዌር ሩቱን ውሰዱ። ሁለቱን አባዙና በ8.1 ሚሊዮን አባዙ። 3.3 በራሱ 10.9 ነው። የ80 ስኩዌር ሩት 8.9 ነው። ውጤቱ 790 ሚሊዮን ፀሐይ አካባቢ ነው።

8.1 ሚሊዮኑ ከንጹሕ ፊዚክስ የመጣ አይደለም። ደመናዎቹ እንዴት እንደተደረደሩ፣ ወደ እኛ ምን ያህል እንዳጋደሉ አይታየንም። ስለዚህ ቁጥሩ የቅርብ ጋላክሲዎችን ብላክ ሆሎች አይቶ የተስተካከለ ነው።

ታዲያ ልክ ነን? ለ3ሲ 273 መልሱን ማየት ይቻላል። በ2018 ቺሊ ፓራናል ላይ ያሉት አራቱ ባለ 8 ሜትር ቴሌስኮፖች ግራቪቲ በሚባል መሣሪያ ተጣምረው ጋዙን በቀጥታ አዩት። አንዱ ጎን ሲመጣ፣ ሌላው ጎን ሲርቅ። ርቀቱ 145 የብርሃን ቀን ያህል፣ ክብደቱ 260 ሚሊዮን ፀሐይ ሆኖ ተገኘ። በ2019 የታተመ የአሥር ዓመት የማሚቶ ክትትልም 146 ቀን ገደማ ሰጠ። በሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ ርቀት።

የእኛ ስሌት ሦስት እጥፍ በለጠ። ጥፋቱ ከስፋቱ አይደለም። ዋናው ጥፋት ከተበደርነው ርቀት ነው። የድምቀቱ ደንብ ለዚህ ኩዌዛር 350 የብርሃን ቀን አካባቢ ይሰጣል፤ እውነቱ ግን ከግማሽ በታች ነው። ጋዝ በኃይል የሚውጡ ኩዌዛሮች ደመናቸው ደንቡ ከሚለው ጠጋ ብሎ ይገኛል። ይህ በብዙዎቹ ላይ ታይቷል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር ይኸው ነው፤ የለካነው ስፋትንና ብርሃንን ነው፣ ርቀቱ ግን ብድር ነው።

ስለዚህ መልሳችሁን ስትጽፉ ካልኩሌተሩ ያሳየውን አሥር አኃዝ አትገልብጡ። ባለሙያ በሎጋሪዝም ይጽፈዋል፤ 8.9፣ ሲደመርና ሲቀነስ 0.4። በተራ ቋንቋ ከ300 ሚሊዮን እስከ 2 ቢሊዮን ፀሐይ ማለት ነው። ተማሪዎቼ ይህ ያሳዝናቸዋል። ማዘን የለባቸውም። ብላክ ሆሉ ሚሊዮን ነው ወይስ ቢሊዮን የሚለውን ከአንድ ወረቀት ለይቶ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ ሩቆቹ ስትሄዱ ኤች-ቤታ ከግራፉ ቀኝ ጫፍ ይወጣል። ከ0.4 በታች ጀምሩ ያልኳችሁ ከዚያ ስጋት እንድትርቁ ነው። ከዚያ በኋላ 2798 ላይ ያለውን የማግኒዢየም መስመር ተጠቀሙ፤ ታማኝ ነው። ከሬድሺፍት 2 ወዲያ 1549 ላይ ያለው የካርቦን መስመር ይመጣል። እሱን በጥርጣሬ ያዙት። ብዙ ጊዜ ከብላክ ሆሉ በሚነፍስ ነፋስ ይገፋል፤ ወደ ሰማያዊ ያጋደለ ከሆነ ስፋቱ የዙረት ብቻ አይደለም። በ2017 መጨረሻ ይፋ የሆነው፣ ሬድሺፍቱ 7.54 የሆነው ኩዌዛር በማግኒዢየም ነው የተመዘነው። መስመሩ 24,000 አንግስትሮም አካባቢ፣ ኢንፍራሬድ ውስጥ ገብቶ ነበር። 800 ሚሊዮን ፀሐይ ሆነ፤ አጽናፈ ዓለሙ ገና 690 ሚሊዮን ዓመቱ ነበር። በ2024 ደግሞ የፓራናል ቴሌስኮፖች ሬድሺፍቱ 2.3 የሆነ ኩዌዛር ጋዝ በቀጥታ ለክተው 320 ሚሊዮን ፀሐይ አግኝተዋል። ለሩቅ ኩዌዛሮች ብድሩ መከፈል ጀምሯል።

የመጀመሪያ ልኬታችሁን ስትጨርሱ ዩዌ ሸንና ባልደረቦቹ በ2011 ያወጡትን ዝርዝር ክፈቱ። የ105,783 ኩዌዛሮች ክብደት አለበት። የእናንተን አጠገቡ አስቀምጡ። ልዩነቱ ከሁለት እጥፍ ካልበለጠ ወደሚቀጥለው እለፉ። ከሦስት እጥፍ በላይ ከሆነ መጀመሪያ ጉልላቱን በትክክል ቆርጣችሁ እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ የተካፈለበትን ቁጥር እዩ። ቀጥሎ የ10⁻¹⁷ን ነገር። እዚያም ካልተገኘ ወረቀቱን ለሌላ ሰው ስጡና ጉብታውን እሱ በራሱ ማስመሪያ ይለካው።